ሪሞቱ ማን ጋ ነው?

ወላይታ፣ ሁምቦ ውስጥ የግቢ በር የሚከፈተው በጉሮሮ ነው። መጪው ሰው ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። መልስ ካጣ ትንፋሹን ሰብስቦ «ኧረ ቤቶች!» ይላል። ቀጥሎ «ውሻ ያዙ!» ይመጣል፤ ውሻ ኖረም አልኖረም። በሩ ላሜራ ከሆነ ደግሞ ከመንገድ ዳር ጠጠር ይነሣና ብረቱ ይወቀጣል። የሁምቦዋን ጠበላ ከተማን ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው፣ በየላሜራው በር ላይ በሰው ደረት ትክክል ቀለሙ ተፋፍቆ የነጣ ቦታ ያገኛል፤ ደወላችን እሱ ነው። ከውስጥ «ማነው?» ሲባል መልሱ «እኔ ነኝ» ነው። «እኔ ማን?» «እኔ ነኛ፣ ክፈቱ እንጂ!» ከዚህ ምልልስ አንዲት ፍሬ መረጃ አይገኝም፤ በሩ ግን ይከፈታል። ድምፅ አይደበቅማ።

ይህን ሁሉ ሥርዓት በአንድ አውራ ጣት ልተካው ብሎ የተነሣው የአጎቴ ልጅ ነው። እንደ ብዙ የወላይታ፣ የሀዲያና የከምባታ ጎረምሳ እንጀራ ፍለጋ «ሳውዝ» ወርዶ፣ ጆሃንስበርግ ዳርቻ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ሸቀጥ ሲሸጥ ኖሮ ነው የተመለሰው። ከሻንጣው ሲወጣ ከልብሱ ሁሉ በላይ ቦታ ይዞ የተገኘው አንድ ጥቁር ሣጥን ነበር። አዲስ ዓይነት ቴሌቪዥን መስሎን ተሰበሰብን። የበር ሞተር ነው።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሪሞት የሚከፈት በር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ማታ ከመኪና ወርዶ በር መክፈት ራስን ለዘራፊ ማስረከብ ስለሆነ፣ አቅም ያለው ሁሉ ሞተር ያስገጥማል። ሌቦቹም በበኩላቸው ሞተሩን ራሱን ነቅለው መሄድ ስለለመዱ፣ በር የሚጠብቀውን ሞተር የሚጠብቅ የብረት ቀፎ ለብቻው ይሸጣል። ልጁ ይህን ሲተርክ አጎቴ ጥቂት አሰቡና «ቀፎውንስ የሚጠብቀው ማነው?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልተገኘም። ጠበላ ላይ ከመኪና ወርዶ በር የሚከፍትን ሰው የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው፤ አላፊ ዘመድ ያገኘውና፣ የልጁ፣ የከብቱ፣ የበቆሎው፣ የዝናቡ ጤንነት አንድ በአንድ እስኪጠየቅ ድረስ መኪናው ሳይጠፋ ቆሞ ይንተከተካል። ነዳጅ በዚህ ዋጋው ይህም ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ በዚህ በኩል ልጁ እውነት አለው።

እኛ ጋ በር የግል ነው ቢባልም ምክሩ የሰፈር ነው። አጎቴ ግቢ ሀይታ ቱኬ ተፈላ። የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር ተፈልቶ የቀረበለት ሰው ሐሳብ አያጣም። አንድ ሽማግሌ፣ በያጁ፣ ከሶዶ የመጣው ኤሌክትሪሻን፣ አንድ ባለባጃጅና ምንም የማይመለከተኝ እኔ ተቀመጥን። የመጀመሪያው ክርክር በሩ በማጠፊያ የሚዞር ሁለት ክንፍ ይሁን ወይስ በሀዲድ የሚንሸራተት የሚል ነበር። የአጎቴ ግቢ ከመንገዱ ወደ ላይ ያቀናል። ወደ ውስጥ የሚከፈት ክንፍ ሲሶውን ሳይሄድ ታችኛው ጠርዙ ዳገቱን ይቦጭራል፤ ወደ ውጭ የሚከፈተው የመንገዱን ሰው ይገጫል። በገበያ ቀን በዚያ በር ፊት የሚያልፈውን አህያ፣ ባጃጅና ተሸካሚ ያየ ሰው ወደ ውጭ ይከፈት ብሎ አይመክርም። ስለዚህ ተንሸራታች ተባለ።

ተንሸራታች በር ግን መሸሻ ይፈልጋል። መግቢያው አራት ሜትር ከሆነ፣ በሩ ሲከፈት የሚጠጋበት ሌላ አራት ሜትር አጥር፣ በዚያ ላይ ለሞተሩ ትርፍ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያውም ቀጥ ያለና ደልዳላ። ይህን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በሩ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ሜትሩን ወደ ግራ ዘረጋ። ሜትሩ የአክስቴ እንሰት ውስጥ ገባ።

ስብሰባው ለጊዜው ተቋረጠ። አክስቴ ከጓዳ ብቅ ብለው «የእንሰቱን ነገር ማን አነሣው?» አሉ። ማንም አላነሣም፤ ያነሣው ሜትሩ ነው። «በ77 ድርቅ ነፍሳችንን ያቆየው ሞተር ነው ወይስ ይሄ?» እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በያጁ ግን በሩን በአሥራ አምስት ቀን አስረክባለሁ ብሏል። በዚህ ስሌት የሚቆረጠው የቱ እንደሆነ ግልጽ ነበር። ሜትሩ ወደ ቀኝ ዞረ። በቀኝ በኩል ልጁ የሚከራይ ሱቅ ሊሠራ ያሰበበት ቦታ ነበር፤ ሱቁ ወርዶ ወርዶ ኪዮስክ ሆነ።

ሽማግሌው እስከዚህ ድረስ አልተናገሩም ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ካዎ አማዶና ካዎ ኢጃጆ ያን ሁሉ ኬላ ሲያሠሩ፣ ድንጋዩን የካበው ሰው፣ ቦዩን የቆፈረው ሰው፣ በሩንም የጠበቀው ሰው ነው። ሞተር አልነበረውም» አሉ። የወላይታ ነገሥታት አገራቸውን ያጠሩበት ካብና ቦይ ፍርስራሹ ዛሬም ስለሚታይ ክርክሩ መሠረት ነበረው። የአጎቴ ልጅ ግን «አባባ፣ ኬላው ሪሞት ቢኖረው ኖሮ ምኒልክ በ1887 ባልገቡ ነበር» አለ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

በያጁ ስለ ሞተር ብዙም አያውቅም፤ ስለ ክብር ግን ያውቃል። በእሱ ሃይማኖት የበር ጥራት የሚለካው በክብደት ነው። ፍሬሙ ቱቦላሬ፣ ልባሱ ባለ ሁለት ሚሊ ላሜራ፣ ከላይ የጦር ጫፍ፣ መካከል ላይ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት አንበሶች፣ በአንበሶቹ መካከል ኮከብ። እስቲ እናስላው። አንድ ሚሊ ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ 8 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። አራት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል በር፣ በሁለት ሚሊ ሲለበስ፣ ልባሱ ብቻውን 157 ኪሎ ነው። ቱቦላሬው፣ ጦሩና አራዊቱ ሲታከሉ ከ300 ያልፋል። ልጁ የገዛት ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ናት። ጠባቂዋ የእሷን ሲሶ ይመዝናል ማለት ነው።

ሞተሩ ግን አልደነገጠም። 600 ኪሎ ይገፋል የሚባል የበር ሞተር የሚፈልገው ኃይል ከ300 እስከ 400 ዋት ነው፤ የእንጀራ ምጣድ የዚህን አሥር እጥፍ ገደማ ይበላል። ምሥጢሩ ያለው ከሥር ነው። ኩሽኔታው ደህና ከሆነ፣ ሀዲዱም በውኃ ልክ ከተጣለ፣ 300 ኪሎ ብረት አንድ ተማሪ በአንድ እጁ ይገፋዋል። ሀዲዱ ከተጣመመ ደግሞ የሞተሩ ጥርስ በሩ ላይ የተበየደውን ጥርሳም ብረት እያኘከ፣ ሁለቱም አብረው ያልቃሉ። በየብየዳ ቤቱ የሚሰማው «ሞተር አለው አይደል? ይጎትተው!» የሚል ምክር የተገለበጠ ነው። በእጅ እንደ ልብ የማይሄድ በር ሞተር አይገባውም። ኤሌክትሪሻኑ ይህን ስለሚያውቅ ሀዲዱ በኮንክሪት ሲታሠር ራሱ ተንበርክኮ ለካ። ዝናብ ሲመጣ ከላይ የሚወርደው ቀይ አፈር ሀዲዱን ስለሚሞላው የውኃ መውረጃ እንዲቆፈር ያደረገውም እሱ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ምስጋና የሚገባው ሰው ካለ እሱ ነው፤ የተከፈለው ግን ከአንበሶቹ ያንሳል።

ባትሪውን ልንገዛ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መብራት በፕሮግራም ሲጠፋ ስለኖረ የበር ሞተር ያለ ባትሪ አይታሰብም። ልጁ ባትሪውን ከባድ ነው ብሎ እዚያው ትቶት መጥቶ፣ ሶዶ ላይ እገዛለሁ ብሎ ብር መድቦ ነበር። ብሩ በመንገድ ላይ ሁለተኛውን አንበሳ አገኘው። አንድ አንበሳ ብቻውን ምን ያደርጋል?

የምርቃቱ ቀን ሰፈሩ ወጣ። ልጁ መንገዱ ማዶ ቆሞ ሪሞቱን ተጫነ፣ ሞተሩ አጉረመረመ፣ አንበሶቹ ወደ ቀኝ መንሸራተት ጀመሩ። አክስቴ «በኢየሱስ ስም!» ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። የቃለ ሕይወት ምዕመን ናቸውና ማንም ሳይነካው የሚከፈት ነገር ሲያዩ መጀመሪያ የሚያጣሩት የማን ሥራ እንደሆነ ነው። በዚህ አይፈረድባቸውም። የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ ግብፅ ውስጥ እስክንድርያ ላይ የኖረው ሄሮን የተባለ መሐንዲስ፣ መሠዊያው ላይ እሳት ሲነድ በራሱ የሚከፈት የቤተ መቅደስ በር አሠራር ጽፎ አስቀምጧል። እሳቱ አየሩን ያሞቃል፣ የሞቀው አየር ውኃውን ከታች ካለው ዕቃ ወደ ተንጠለጠለ ባልዲ ይገፋል፣ ባልዲው ሲከብድ ገመዱን ይስባል፣ በሩ ይከፈታል። እሳቱ ሲጠፋ ውኃው ይመለሳል፣ በሩም ይዘጋል። ከአክስቴ በፊት «በስመ አብ» የሚያሰኝ በር ያሰበ ሰው ነበር ለማለት ነው። የእሱ ደግሞ መብራት ሄደ አይልም፤ ማገዶ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሞተሩን ከእኛ ሁሉ ቀድመው የተረዱት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። በመግቢያው ግራና ቀኝ፣ በጉልበት ከፍታ፣ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች ይተያያሉ። በመካከላቸው የማይታይ ጨረር አለ፤ በሩ እየተዘጋ ሳለ ጨረሩን የሚያቋርጥ ነገር ከመጣ በሩ ቆሞ ይመለሳል። ዶሮ ከሥር ታልፋለች፣ ፍየል ግን ታቋርጣለች። ልጆቹ ፍየሏን አይተው ተማሩ። ከትምህርት ቤት መልስ ተሰልፈው በሩ ሊዘጋ ሲል አንድ እግር ያስገባሉ፤ 300 ኪሎ ብረት ከሁለት አንበሳ ጋር አፈግፍጎ ይመለሳል። ይህን የሚያህል ሥልጣን በዚያ ዕድሜ ማን ይጠላል? የአጎቴ ልጅ ተናዶ ዓይኖቹን ላስነቅል አለ፤ አጎቴ ከለከሉት። ስለ ሌላው ነገር እንደፈለጋችሁ ቀልዱ፣ በዚህ ግን አልስማማም፤ ዓይን የሌለው ተንሸራታች በር ልጅ ይጨፈልቃል። «ያስቸግራል» ተብሎ የሚነቀል ነገር አይደለም።

ሪሞቱ ሁለት ነው። አንደኛው ከልጁ ጋር ሶዶ ይውላል። ሁለተኛው አጎቴ ጋ ነው፤ በደረት ኪሳቸው ከመነጽራቸው ጋር ያስቀምጡታል። ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ጋደም ብለው ጎናቸውን ሲቀይሩ በሩ ይከፈታል፤ የጎረቤት ጥጃ ይገባል። ጥጃውን ለማስወጣት ሲነሡ ይዘጋል። የሪሞቱ ምሥጢር ቁጥር በተጫኑት ቁጥር ስለሚቀያየር አንዱን ጠልፎ የያዘ ሌባ ነገ አይጠቅመውም ሲባሉ አጎቴ «ጥጃው ግን ቁጥሩን ያውቀዋል» አሉ። ቤቱ ውስጥ ቀድሞ በብዛት የሚሰማው ጥያቄ «ማነው?» ነበር፤ አሁን «ሪሞቱ ማን ጋ ነው?» ሆኗል። መልሱም ብዙ ጊዜ «አንተ ጋ አይደለም እንዴ?» ነው።

አንድ ንጋት ላይ ለቅሶ ተሰማ። ወላይታ ውስጥ ለቅሶ በሰዓቱ ያልደረሰ ሰው ወሬው ከሟቹ ወሬ ይረዝማል። አጎቴ ለበሱ፣ አክስቴ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ቪትዟ ተነሣች፣ ሪሞቱ ተጫነ። ጭጭ። መብራት ሄዷል።

መብራት ወዴት እንደሚሄድ እኛ ወላይታዎች በደንብ እናውቃለን። ኦሞ ላይ የተገደበው ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው ተብሏል። ኃይሉ በትላልቅ የብረት ምሰሶዎች ሶዶ ይገባል። ከሶዶ ጣቢያ የሚነሣ ሌላ መስመር ደግሞ 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ ይደርሳል፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለጎረቤት እየተሸጠ ነው። አጎቴ የማይሰማውን ሪሞት ይዘው በቆሙባት ደቂቃ ናይሮቢ ውስጥ ስንት በር በሪሞት እንደተከፈተ አስቡት። በእርግጥ ጥፋቱ የትልቁ መስመር አይደለም። ትልቁ መስመር ሌላ፣ ከእንጨት ምሰሶ ላይ ወደ ቤት የምትገባው ቀጭን ሽቦ ሌላ ናት፤ ነፋስ የሚጥላት እሷን ነው። ይህንን ግን ለቅሶ የረፈደበት ሰው ፊት ማስረዳት አይመከርም።

የበር ሞተር ለእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋጀች አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለችው። ታስገባና ታዞራለህ፤ የሞተሩ ጥርስ ይለቃል፤ በሩ ተራ በር ሆኖ በእጅ ይገፋል። ቁልፏ የት ናት? ከልጁ ሪሞት ጋር ታስራ ሶዶ ናት። አጎቴ ለቅሶ ቤት በባጃጅ ሄዱ። ባለባጃጁ ያ በምክሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው፤ መንገዱን ሙሉ አንድም ቃል አለመናገሩን እንደ ትልቅ ጨዋነት ቆጥረውለታል።

ሲመለሱ አልተቆጡም። አጎቴ ከሁምቦ የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት የአንዱ አባል ናቸው። ተራራችን በከሰልና በልቅ ግጦሽ ተራቁቶ፣ ጎርፍ ማሳውን እየጠረገ ሳለ፣ ገበሬዎቹ በወርልድ ቪዥን አጋዥነት ተማክረው 2,728 ሄክታር መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ዘጉ። ሥራው በአመዛኙ ችግኝ መትከል አልነበረም፤ አፈር ውስጥ በሕይወት የቀረውን ጉቶ እየገረዙ እንዲያቆጠቁጥ መጠበቅ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፣ የዓለም ባንክ ፈንድም የካርቦኑን ሂሳብ ገዛ። ልጁ ሲመጣ አጎቴ ወደ ተራራው እያዩ «ያን ሁሉ ስንዘጋ ሪሞቱ ማን ጋ ነው ብሎ የጠየቀን የለም» አሉት። ልጁ ዝም አለ። በማግሥቱ ባትሪ ይዞ ከሶዶ ተመለሰ።

ሽማግሌው በምክሩ ዕለት የጠየቁትን አሁን ልንገራችሁ። ትንሽ በር ነው የጠየቁት። በያጁ እንደ ልማዱ ትልቁ በር ውስጥ ቀዶ ሊያወጣት ነበር፤ ኤሌክትሪሻኑ፣ ሰው በትንሿ እያለፈ ሳለ አንዱ ሪሞት ቢጫን በሩ ከነሰውየው ይሄዳል ብሎ አስጣለው። ስለዚህ አጥሩ ላይ ለብቻዋ ተሠራች፤ ማጠፊያና መወርወሪያ እንጂ ሌላ የላትም። ቪትዟ በቀን አንዴ ብትወጣ አንዴ ትገባለች። ውኃ የሚቀዳው፣ ለቡና የተጠራው፣ ዕቁብ ሰብሳቢው፣ ከገበያ የምትመለሰው፣ ጥጃውን የሚፈልገው ሁሉ የሚገባው በትንሿ ነው። በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ሰሞን ብቻ ትልቁ በር ከነጠዋቱ ተከፍቶ ሞተሩ ይለቀቃል፤ ለእርድ የሚመጣ በሬ ጨረር አያውቅምና።

እንግዲህ የበር ሞተር ለማስገጠም ያሰባችሁ፣ በተለይ ከውጭ ተመላሾች፣ እኔ አልቃወማችሁም፤ ሞተሩ መልካም ነገር ነው፣ አጎቴም ዛሬ ያለ እሱ አይሆንልኝም ይላሉ። ሀዲዱን በውኃ ልክ አስጥሉ። ትንሿን በር ሁለት ሰው ድስት ይዘው ጎን ለጎን የሚያልፉባት አድርጋችሁ አስፏት። መልቀቂያ ቁልፏን ቤት ውስጥ ሁሉም በሚያውቀው ምስማር ላይ ስቀሉ። ባትሪውን ደግሞ ከአንበሶቹ በፊት ግዙ።